በራሱ የሚዘጋ የፍሪጅ በር፦ ስለ ዲዛይኑና ስለ ብልሽቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ መልሶች የቤት ፍሪጅ በር ለሚነድፉ፣ ናሙና ለሚሠሩና የተበላሸውን ለሚጠግኑ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ስሌቶቹ ሁሉ የሚነሡት ከአንድ የምሳሌ በር ነው፦ ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 120 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶውን 12 ኪሎ የሚመዝን፣ ጠርሙሱና ዕቃው ሲደረደርበት 20 ኪሎ የሚደርስ። የእርስዎ በር ከዚህ ከተለየ ቁጥሮቹን ይለውጡ፤ መንገዱ ያው ነው።

«በራሱ የሚዘጋ በር» ማለት ከየትም ቢለቀቅ የሚዘጋ ማለት ነው?

አይደለም፤ እንዲያ እንዲሆንም አይፈለግም። ዕቃ የሚደረድር ሰው ሁለት እጁ ተይዞ ሳለ በሩ መጥቶ ክርኑን ቢገፋው ማንም አይወደውም። ስለዚህ በሩ 90 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲከፈት ባለበት እንዲቆም፣ ከ30 ዲግሪ በታች ሲለቀቅ ግን ራሱ ሄዶ እንዲዘጋ ተደርጎ ይነደፋል። በመካከል ያለው ሰፊ ክልል የተጠቃሚው ነው፤ በጣቱ ገፋ ካደረገው በቂ ነው።

ትኩረቱ ሁሉ የመጨረሻዎቹ 15 ዲግሪዎች ላይ ይሁን። ወለል ብሎ የተከፈተ በር ያስታውቃል፤ የሚያታልለው ገርበብ ያለው ነው። በምሳሌው በር 1 ዲግሪ ማለት እጀታው ጋ 10 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ክፍተት ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተዘጋ ይመስላል። ሌሊቱን ሙሉ ግን እርጥበት ያዘለ ሞቃት አየር ይገባል፣ እርጥበቱ ኢቫፖሬተሩ (ቅዝቃዜውን የሚሰጠው ክፍል) ላይ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው የአየሩን መተላለፊያ ይደፍናል፣ ኮምፕሬሰሩም ሳያርፍ ያድራል።

በሩን የሚዘጋው ኃይል ከየት ይመጣል?

በአብዛኛው ከራሱ ከበሩ ክብደት። በታችኛው ማጠፊያ ላይ ተደራርበው የሚቀመጡ ሁለት የፕላስቲክ ቁራጮች አሉ፤ አንዱ ከበሩ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ከማጠፊያው ብረት ጋር ታስሮ ይቆማል። የሚገናኙበት ገጽ ጠፍጣፋ ሳይሆን ጠመዝማዛ ዳገት ነው። በሩ ሲከፈት ዳገቱን ወጥቶ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ ሲለቀቅ ቁልቁለቱን እየተንሸራተተ ይወርዳል፣ ሲወርድም ይዞራል። ይህ ካም ይባላል። በሩን የሚከፍተው ሰው ሳይታወቀው የመዝጊያውንም ጉልበት አብሮ ከፍሏል ማለት ነው።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ሣጥኑን በትንሹ ወደ ኋላ ማዘንበል አንዱ ነው፤ ይህ ምንም ዕቃ አይጠይቅም፣ ኃይሉም እንደምናየው ቀላል አይደለም። ሞላ ያለው ማጠፊያ ሌላው ነው። ሞተር ያላቸው በሮችም አሉ፤ ነገር ግን ሞተሩ ሥራ ሲያቆም በሩ ያለ ምንም እገዛ ስለሚቀር እዚያም ቢሆን ሜካኒካዊ መዝጊያው ከሥር መኖር አለበት።

የጎማው ማግኔት ብቻውን በሩን አይስበውም?

አይስበውም። በበሩ ጎማ ውስጥ ያለው ማግኔት የፌራይት ዱቄት ከፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ጥብጣብ ነው፤ የሚስበው በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ብቻ ነው። ክፍተቱ ትንሽ በሰፋ ቁጥር ስበቱ በፍጥነት ይወድቃል። 1 ዲግሪ እጀታው ጋ ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ መሆኑን ካስታወስን፣ ማግኔቱ ሥራውን የሚጀምረው ከዲግሪም በታች ሲቀር ነው። እስከዚያ ድረስ በሩን አድርሶ የማስረከቡ ሥራ የካሙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ እንቅፋት አለ። በሩ ሊዘጋ ጥቂት ዲግሪ ሲቀረው በማጠፊያው ወገን ያለው ጎማ ከሌላው ቀድሞ ከሣጥኑ ጋር ይነካካል፣ ይጨመቃል፣ ይጎተታል። በእጀታው ወገን ማግኔቱ ገና አልያዘም፤ በማጠፊያው ወገን ጎማው እየተቃወመ ነው። በሮች «ሊዘጉ ሲሉ» የሚቆሙት በአብዛኛው እዚህች ቦታ ላይ ነው።

ለካሙ ስንት ዲግሪ ዳገት ይበቃዋል?

መነሻው ሰበቃ ነው። አሴታል የሚባለው ፕላስቲክ ናይለን ላይ ሲንሸራተት የሰበቃ ቁጥሩን 0.2 ብለን ብንይዝ፣ ይህ ከ11.3 ዲግሪ ዳገት ጋር እኩል ነው። ከዚያ በታች የተዳፋ ካም ላይ በሩ ተቀምጦ ይቀራል እንጂ አይወርድም። በሩን የሚያዞረው ኃይል፣ ማለትም ቶርኩ፣ እንዲህ ይሰላል፦ የበሩ ክብደት በኒውተን፣ ሲባዛ በካሙ አማካይ ራዲየስ በሜትር፣ ሲባዛ በታንጀንቱ፤ ታንጀንቱ የሚወሰደው ከዳገቱ ዲግሪ ላይ የሰበቃው ዲግሪ ተቀንሶ በሚቀረው ማዕዘን ነው።

20 ኪሎ 196 ኒውተን ነው። የካሙ ራዲየስ 9 ሚሊ ሜትር፣ ዳገቱ 30 ዲግሪ ቢሆን 196 × 0.009 × ታንጀንት 18.7 ዲግሪ፣ ይህም 0.6 ኒውተን ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ላይ የማጠፊያዎቹ የጎን ሰበቃ ይቀነሳል። የበሩ የክብደት ማዕከል ከማጠፊያው 30 ሳንቲ ሜትር ስለሚርቅ የላይኛውና የታችኛው ፒን እያንዳንዳቸው 49 ኒውተን ወደ ጎን ይሸከማሉ፤ ፒኖቹ 4 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ካላቸው ሁለቱ በአንድነት የሚበሉት 0.08 ኒውተን ሜትር ነው። የተጣራው 0.52 ይቀራል። እጀታው ጋ ሲደርስ 0.87 ኒውተን ነው፤ በዘጠና ግራም ክብደት መግፋት ማለት ነው። የምንነጋገረው በዚህ መጠን ስላነሰ ኃይል መሆኑን አለመርሳት ነው፤ አንዲት የተጣመመች ጎማ ልትበላው ትችላለች።

አሁን ዳገቱን 20 ዲግሪ እናድርገው። ንጹሕ ሲሆን ካሙ 0.27 ይሰጣል። አቧራና ፍርፋሪ ገብቶ ግራሶው ደርቆ የሰበቃ ቁጥሩ 0.35 ቢደርስ ግን፣ የሰበቃው ዲግሪ 19.3 ስለሚሆን ምንም አይተርፍም። የ30 ዲግሪው ካም በዚያው ቆሻሻ ላይ ገና 0.33 ይሰጣል። አዲስ ሲሆን ሁለቱም በር ይዘጋሉ፤ ልዩነታቸው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያለውን ክልል የምንመርጠው ለዚህ ነው። 45 ዲግሪ ከሄዱ ለተመሳሳይ መዞር በሩ ከሚገባው በላይ ይነሣል፣ ለመክፈትም 2.65 ኒውተን ሜትር ይጠይቃል፤ በ30 ዲግሪው 1.55 ነበር።

ዳገቱ ከየት ጀምሮ የት ይለቅ?

ብዙ ናሙና የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ካሙ ሸለቆው ውስጥ ገብቶ የሚያርፈው በሩ ልክ ሲዘጋ ከሆነ፣ በመጨረሻዋ ቅጽበት፣ ጎማው በሚቃወምባት ቦታ፣ የሚስብ ነገር አይኖርም። በመገጣጠም ላይ 2 ዲግሪ ስሕተት ከተፈጠረማ ካሙ ከበሩ ቀድሞ ያርፋል፤ በሩም ተከፍቶ ያርፋል።

ስለዚህ በሩ በተዘጋበት ጊዜ ካሙ ገና ቁልቁለቱ ላይ መሆን አለበት። ከ3 እስከ 5 ዲግሪ የሚሆን ያልተሄደበት ቁልቁለት ይተዉለት። ለምሳሌው በር ዳገቱን 34 ዲግሪ መዞሪያ አድርገን 4ቱን ለዚህ ብንተው፣ በሩ ከተዘጋበት እስከ ዳገቱ ጫፍ የሚነሣው 9 × 0.524 × 0.577፣ ማለትም 2.7 ሚሊ ሜትር ነው። ከዳገቱ ጫፍ በኋላ ጠፍጣፋ ሜዳ ይቀጥላል፤ 90 ዲግሪ አካባቢ ጥልቀቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ ትንሽ ጎድጓዳ ቢደረግ በሩ እዚያ ላይ ይቆማል። ዳገቱን በአንድ ወገን ብቻ አይሥሩት፤ ሁለት ዳገት 180 ዲግሪ ተራርቀው ሲቀመጡ ጭነቱ ሚዛኑን ይጠብቃል፣ ፒኑም አይጣመምም።

በሩ ከፍና ዝቅ ሲል ጎማውን አይፍቀውም?

በጭራሽ ለማለት ባያስደፍርም የሚያሳስብ አይደለም። 2.7 ሚሊ ሜትሩ በ30 ዲግሪ ላይ ተበትኖ ነው የሚወርደው፤ ጎማው ከሣጥኑ ጋር በሚነካካባቸው የመጨረሻ 3 ዲግሪዎች የሚወርደው 0.27 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ይልቅ የሚያሳስበው ከበሩ አናት ላይ ያለው ክፍተት ነው። በሩ ከሚነሣው ከፍታ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የበለጠ ቦታ ካልተተወ በሩ ከላይኛው በር ወይም ከማጠፊያው ሽፋን ጋር ይፋተጋል። የላይኛው ፒንም በሩ ወደ ላይ ሲነሣና ሲወርድ ከቀዳዳው እንዳይወጣ በቂ ርዝመት ይኑረው።

ባለ ሁለት በር ፍሪጅ ላይ መካከለኛው ማጠፊያ ከላይ ካም ይሸከማል፣ ከታች ደግሞ የታችኛውን በር ፒን ይይዛል። ይህ ብረት ስስ ሆኖ ከተሠራ ከጭነቱ የተነሣ ይጎነበሳል፤ የላይኛው በር እጀታ ወደ ታች ይወርዳል፣ ጎማውም ከላይ ጥግ ይላቀቃል።

ወለሉ ላይ ያለው ዝንባሌ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ። ሣጥኑ ግማሽ ዲግሪ ወደ ኋላ ቢያዘነብል፣ በ60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ፊቱ ከኋላው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ አለ ማለት ነው። በዚህ ብቻ የሚገኘው የመዝጊያ ቶርክ 196 × 0.3 × 0.0087፣ ማለትም 0.51 ኒውተን ሜትር ነው። ካሙ ከነልፋቱ የሚሰጠውን ያህል! ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል፤ ፊቱ 5 ሚሊ ሜትር ከወረደ ካሙ እንዳልነበረ ይሆናል። አዲስ ፍሪጅ ተገዝቶ «በሩ አይዘጋም» ሲባል ካሙን ከመፍታት በፊት ወለሉን ማየት የሚሻለው ለዚህ ነው።

የኋላ ዘንበል ጉልበቱ የሚበረታው በሩ ሊዘጋ ሲቃረብ ነው፤ በሩ እየተከፈተ ሲሄድ ይደክማል፣ 90 ዲግሪ ላይ ዜሮ ይሆናል፣ ከዚያ ካለፈ በሩን ወደ መክፈት ይዞራል። የጎን ዘንበል ጠባዩ ሌላ ነው፦ በ90 ዲግሪ ላይ ይበረታል፣ መዝጊያው አጠገብ ይደክማል። የማጠፊያው ወገን ዝቅ ካለ በሩ ወለል ብሎ መከፈት ይፈልጋል፤ የእጀታው ወገን ዝቅ ካለ ግን ተከፍቶ አልቆምም ይላል።

የፊት እግሮቹ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መደበኛ ጥርስ ካላቸው አንድ ሙሉ ዙር 1.25 ሚሊ ሜትር ያነሣል፤ አራት ዙር 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱንም እግር እኩል ያዙሩ፣ ከዚያ ውሃ ልኩን በጎን በኩል አስቀምጠው ያረጋግጡ። ከ1 ዲግሪ በላይ ወደ ኋላ ማዘንበል አያስፈልግም፤ የበረዶ ማቅለጫው ውሃ መውረጃ አቅጣጫውን ሊስት ይችላል።

ንድፍ አውጪ ደግሞ ተጠቃሚው ውሃ ልክ ይዞ እንደማይመጣ ይቁጠር። ካሙ ሣጥኑ ሩብ ዲግሪ ወደ ፊት አዘንብሎ ሳለም በሩን የሚዘጋ መሆን አለበት። ሩብ ዲግሪ 0.26 ኒውተን ሜትር ይበላል፤ ከ0.52 ላይ ግማሹ ይቀራል።

ባዶ በርና ሙሉ በር፣ የትኛው ያስቸግራል?

ሁለቱም፣ በተለያየ መንገድ። የካሙ ቶርክ ከክብደቱ ጋር ስለሚያድግ ባዶው 12 ኪሎ በር የሚያገኘው ከ20 ኪሎው ሦስት አምስተኛ ብቻ ነው፤ የጎማው ተቃውሞ ግን በሩ ባዶ ነው ብሎ አይቀንስም። ስለዚህ መዝጋት አለመዝጋቱን የሚወስነው ባዶው በር ነው።

ሙሉው በር የሚፈተነው በኋላ ነው፦ ማጠፊያው ጎንበስ ይላል፣ በሩ ሲደርስም ይጋጫል። የምሳሌው በር ከ15 ዲግሪ ቢለቀቅ በ1.6 ሰከንድ ያህል ይደርሳል፤ እጀታው ጋ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ከ30 ዲግሪ ከሆነ 2.2 ሰከንድ፣ ፍጥነቱም 29 ሳንቲ ሜትር። ይህ ጠርሙስ የማያንኳኳ ጨዋ ፍጥነት ነው። በሩን የሚያንኳኳው ብዙ ጊዜ ካሙ ሳይሆን የሰው ግፊያ ነው።

ታዲያ ዳምፐር (የበሩን ፍጥነት የሚያበርድ ዕቃ) ያስፈልጋል?

ካም ብቻ ላለው በር፣ ከላይ ባለው ስሌት፣ አያስፈልግም። ሞላ ላለው በር ግን አዎ። ለፍሪጅ የሚመች ዳምፐር በወፍራም የሲሊኮን ዘይት ውስጥ የሚዞር ትንሽ ከበሮ ነው፤ ሲዘጋ ብቻ የሚይዝ፣ ሲከፈት የሚለቅ ዓይነት ይምረጡ። የሚቃወመው በፍጥነቱ ልክ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚሄድን በር አያስቆምም፤ ያዘገየዋል። ይሁንና ከመዝጊያው 3 ዲግሪ በፊት እንዲለቅ ማድረግ ጥሩ ነው፤ ጎማው በሚቃወምበት ሰዓት ተጨማሪ ተቃዋሚ አያስፈልግም።

ሞላ ከካም ይሻላል?

በቁም ሣጥን ውስጥ በሚገጠም ፍሪጅ ላይ ይሻላል። እዚያ በሩ ላይ የእንጨት ገጽ ይታሰራል፣ ማጠፊያውም ብዙ መገጣጠሚያ ያለው ስለሆነ በሩን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ቦታ የለም። ሞላው በተወሰነ ማዕዘን መካከለኛ ነጥቡን አልፎ ይገለበጣል፤ ከዚያ በታች ወደ መዝጋት፣ ከዚያ በላይ ወደ መክፈት ይገፋል። የሚታሰረው እንጨት ክብደት ማጠፊያው ከተሠራበት ልክ ካለፈ ግን ሞላው የቱንም ያህል ቢበረታ በሩ ይወርዳል፣ ጎማውም ይላቀቃል።

ለብቻው ለሚቆም ፍሪጅ ካም እንመርጣለን። የመሬት ስበት አይደክምም፤ ሞላ ይደክማል። ካም ሲያልቅ ርካሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው የሚለወጠው፤ ሞላ ሲሰበር ማጠፊያው በሙሉ ይለወጣል።

አንዱን በር ስዘጋ ሌላው ብቅ ብሎ ይከፈታል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

አየር ነው። የምሳሌው በር የመጨረሻዎቹን 15 ዲግሪዎች ሲሄድ 57 ሊትር ያህል አየር ይገፋል። አብዛኛው በጎን ይወጣል፤ በመጨረሻው ቅጽበት ግን መውጫው ስለሚጠብ የተረፈው ወደ ውስጥ ይጨመቃል። ሁለቱ ክፍሎች በአየር መተላለፊያ የተገናኙ ከሆነ ግፊቱ ሌላውን በር ከውስጥ ይመታዋል። ከተከፈተ በኋላ ካሙ መልሶ ቢዘጋው ችግር የለም፤ ካልዘጋው ግን ማንም ሳያየው ገርበብ ብሎ ያድራል። መፍትሔው የተመታውን በር ካም ማበርታት ነው፤ ማግኔቱን ማበርታትም ይቻላል፣ ግን የሚቀጥለውን ጥያቄ ያስከትላል።

በሩ ተዘግቶ ወዲያው ልክፈተው ስል ሙጭጭ ይላል። ከመዝጊያው ጋር ይገናኛል?

በቀጥታ አይገናኝም። በሩ ተከፍቶ ሳለ የገባው ሞቃት አየር ሲዘጋበት በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይወርዳል፣ ውጭ ያለው አየርም በሩን ይጫነዋል። ልዩነቱ 100 ፓስካል ብቻ ቢሆን፣ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት አንድ ሺህኛ ነው፣ በ0.72 ካሬ ሜትር በር ላይ 72 ኒውተን ያርፋል፤ እጀታው ጋ ሲሰማ 36 ኒውተን። የካሙ 1.55 ኒውተን ሜትር እጀታው ጋ 2.6 ኒውተን ብቻ ስለሆነ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። አንድ ሁለት ደቂቃ ሲታገሡ አየር በጎማውና በውሃ መውረጃው ገብቶ ይስተካከላል። በፍሪዘር ላይ የሙቀት ልዩነቱ ስለሚሰፋ ነገሩ ይብሳል፤ ለዚህ ትንሽ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ መሥራት ይቻላል።

በሩን አጥብቆ ለመያዝ መቀርቀሪያ ማድረግ ይቻላል?

አይቻልም፤ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በድሮ ፍሪጆች ላይ የነበረው ሜካኒካዊ መቀርቀሪያ ከውጭ ብቻ ይከፈት ስለነበር ለጨዋታ የገቡ ሕፃናት ታፍነው ሞተዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የፍሪጅ ደኅንነት ሕግ ከጥቅምት 1958 መጨረሻ በኋላ የሚመረት የቤት ፍሪጅ ሁሉ ከውስጥ በቀላሉ እንዲከፈት አስገድዷል፤ ወሰኑ 15 ፓውንድ፣ ማለትም 67 ኒውተን ያህል ነው። የማግኔት ጎማ መቀርቀሪያውን የተካው በዚህ ዘመን ነው። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደኅንነት መስፈርት አይኢሲ 60335-2-24 ደግሞ ከውስጥ በሩን ለመክፈት ከ70 ኒውተን በላይ እንዳይጠይቅ ይደነግጋል። የካሙን፣ የሞላውንና የማግኔቱን ኃይል ደምረው ከዚህ ወሰን በታች በሰፊ ልዩነት መቆየቱን ይለኩ።

ካሙ ከምን ይሠራ? ምን ግራሶ ይቀባ?

አንዱን ከአሴታል፣ ሌላውን ከናይለን መሥራት የተለመደና ጥሩ ጥምረት ነው። ሁለቱንም ከአንድ ፕላስቲክ መሥራት ርካሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አሴታል በአሴታል ላይ ሲፋተግ ይንጫጫል፣ ቶሎም ይበላል። ግራሶው የሲሊኮን ወይም ቴፍሎን የተቀላቀለበት ይሁን፤ ቀጭን ሽፋን ይበቃል። የምግብ ዘይት ወይም የሞተር ዘይት አይቀቡ፤ አቧራ ይሰበስባል፣ ወደ በሩ የውስጥ ፕላስቲክ ከፈሰሰም ሊሰነጥቀው ይችላል።

በበሩ ውስጥ ሽቦ ወይም የውሃ ቱቦ የሚያልፍ ከሆነ በላይኛው ማጠፊያ ቀዳዳ ውስጥ ሲጠማዘዝ እርሱም እንደ ሞላ ይቃወማል። በቂ ትርፍ ርዝመት ካልተተወለት ከካሙ ቶርክ ላይ ድርሻውን ይወስዳል፤ ይህ በሥዕል ላይ የማይታይ፣ በናሙና ላይ ብቻ የሚገለጥ ጉድ ነው።

የበሩን አቅጣጫ ከቀኝ ወደ ግራ ብለውጥ ካሙ ይሠራል?

ያው ካም ከሆነ አይሠራም። የቀኝና የግራ ካም እንደ ቀኝና ግራ ጫማ ናቸው፤ ዳገታቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጠመዘዛል። ሳይለወጥ ከተገጠመ በሩ ከመዝጋት ይልቅ ራሱን ይከፍታል። ሁለት ዳገት በሁለቱም አቅጣጫ ያለው የጋራ ካም መሥራት ይቻላል፤ ያኔ ግን ሜዳው ስለሚያጥር በሩ በሰፊው ተከፍቶ የሚቆምበትን ክልል ያጣል።

ሁለት ክንፍ ያለው በር ምን ይለየዋል?

በአንደኛው ክንፍ ጠርዝ ላይ የሚታጠፍ ምሰሶ መኖሩ። ምሰሶው የሁለቱን በሮች ጎማ የሚያገናኝ ነው፤ በሩ ሲከፈት ይታጠፋል፣ ሲዘጋ ከሣጥኑ ላይ ያለ መሪ ገፍቶ ይዘረጋዋል። ይህን መዘርጊያ ሞላ ለማሸነፍ የሚጠየቀው ኃይል የሚመጣው ልክ በመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች ነው፤ ስለዚህ የዚያ ክንፍ ካም ከሌላው የበረታ ዳገት ይፈልጋል። ምሰሶው ሳይታጠፍ ከቀረ ከሌላው በር ጋር ይጋጫል፣ ፕላስቲኩም ይሰበራል። ክንፎቹ ጠባብ ስለሆኑ ሌላም ችግር አለ፦ ቀለል ያለ በር ላይ ካሙ የሚያገኘው ክብደት ያንሳል።

የሚሳብ መሳቢያ ፍሪዘርስ?

ሐዲዱ መጨረሻ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ይደረግለታል፣ ወይም በሞላ የሚይዝ መንጠቆ ይገጠማል። ከበር ይልቅ ቀላል ነው። ዋናው ነገር ሁለቱ ሐዲዶች እኩል መግባታቸው ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከገባ መሳቢያው ጠሞ ጎማው በአንድ ጥግ ይላቀቃል።

ናሙናውን እንዴት ልፈትን?

ሣጥኑን በውሃ ልክ ያስተካክሉ፣ ወለሉ ላይ የዲግሪ መስመሮች ያስምሩ። ባዶውን በር 5፣ 10፣ 15፣ 20 እና 30 ዲግሪ ላይ እየያዙ ሳይገፉ ይልቀቁ፤ በእያንዳንዱ ላይ አምስት ጊዜ። የ5 ዲግሪውን አይዝለሉ፤ ከ30 የሚዘጋ በር በፍጥነቱ ተገፍቶ ጎማውን ያሸንፋል፣ ከ5 ግን ፍጥነት ሳይሰበስብ ስለሚደርስ ደካማውን ካም ያጋልጠዋል። ቀጥሎ በሩን ሙሉ ጭነው ይድገሙ፤ ከዚያ ሣጥኑን ሩብ ዲግሪ ወደ ፊት አዘንብለው እንደገና፤ በመጨረሻም ፍሪጁ ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ጎማው ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ እንደገና። ክፍል ውስጥ ሙቀት ላይ ብቻ የተፈተነ በር ብዙ ጊዜ ያሳፍራል።

መዘጋቱን በዓይን አይመኑ። ወርዱ 50 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 0.08 ሚሊ ሜትር የሆነ የወረቀት ቁራጭ ጎማው ዙሪያውን በየቦታው አስገብተው ይዝጉ፤ ያለ ምንም ተቃውሞ የሚንሸራተትበት ቦታ ካለ እዚያ አልታሸገም።

ለዕድሜ ፍተሻ 100,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ጥሩ መለኪያ ነው። በቀን 20 ጊዜ የሚከፈት በር በ15 ዓመት 109,500 ጊዜ ይከፈታል። ማሽኑ በደቂቃ 20 ጊዜ ቢሠራ ፍተሻው ከ83 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከፍተሻው በፊትና በኋላ የካሙን ቁመት ይለኩ፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ እጀታው ወርዷል፣ ጎማውም ቦታውን ለቋል ማለት ነው።

ድሮ ይዘጋ የነበረ በር አሁን መዝጋት ተወ። ከየት ልጀምር?

ከርካሹ። መጀመሪያ በውስጥ ያለ ዕቃ በሩን እየገፋ እንደሆነ ይዩ፤ ወደ ፊት የወጣ መሳቢያ ወይም ጠርሙስ ከብዙ ብልሽት በፊት ይገኛል። ቀጥሎ የፊት እግሮቹን ከፍታ ያረጋግጡ። ከዚያ ጎማውን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ይጠቡ፤ የሚያጣብቅ ቆሻሻ በማጠፊያው ወገን ከተጠራቀመ በሩን ይይዘዋል። የተጣመመ ጎማ በፀጉር ማድረቂያ በመጠኑ ሲሞቅ ቅርጹን መልሶ ይይዛል።

ይህ ሁሉ ካልሠራ ማጠፊያውን ይመልከቱ። በሩን እጀታው ጋ ይዘው ወደ ላይ ሲያነሡት የሚላወስ ከሆነ ብሎኖቹ ላልተዋል ወይም የፒኑ ቀዳዳ ሰፍቷል። በሩ ሲከፈት ከፍ የማይል ከሆነ ካሙ ተበልቷል። ከመፍታትዎ በፊት ፍሪጁን ከኤሌክትሪክ ይንቀሉ፣ የበሩን መደርደሪያዎች ባዶ ያድርጉ፣ በሩን የሚይዝ ሁለተኛ ሰው ይጥሩ። ሁለቱን የካም ቁራጮች በአንድነት ይለውጡ፤ አዲስ ዳገት በተበላ ዳገት ላይ ቢቀመጥ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እርሱም ይበላል። በሩ ከወረደ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሮንዴላ ከካሙ ሥር ማስገባት ቁመቱን ይመልሳል፤ ሮንዴላው ግን የተበላን ዳገት አያድንም።

በሩ ሲከፈት የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ማስጠንቀቂያው የሚጠቅመው የሚሰማው ሰው ሲኖር ነው፤ ገርበብ ያለ በር ጉዳቱን የሚያደርሰው ደግሞ ሰው ሲተኛ ወይም ከቤት ሲወጣ ነው። በዚያ ላይ ማብሪያ ማጥፊያው ከማጠፊያው አጠገብ ከተቀመጠ እጀታው ጋ 10 ሚሊ ሜትር የተከፈተው በር እርሱ ዘንድ የሚሰማው እንደ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ስለሆነ «ተዘግቷል» ይለዋል። ዳሳሹን በእጀታው ወገን ያስቀምጡት።